መድኃኒት ብለን የምንረጨው፦ ለ«ወይ ኬሚካል ወይ ረሃብ» ክርክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ጸሐፊው በግብርና ሙያ ረጅም ዓመት እንደሠሩ ይናገራሉ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ባይኖሩ አገር በረሃብ ያልቅ ነበር። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ኬሚካል ከሌላው ዓለም ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ጉዳት ቢደርስ እንኳ ጥፋቱ መመሪያ የማይከተለው ገበሬ ነው። ኬሚካልን የነካ መንግሥት ደግሞ እንደ ስሪላንካ ይወድቃል። የአበባ እርሻዎች የሚያስገቡትን ዶላርም ጠቅሰዋል። በመጨረሻ የማዳበሪያውን፣ የኬሚካሉንና የምርቱን ዋጋ አስልተው የሄክታር ትርፍ ያሳዩና «አማራጭ ያለው ያሳየን» ብለው ይጨርሳሉ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከልብ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ለገበሬው የሚቆረቆሩ ሰው ይመስሉኛል። ችግሬ ከሒሳባቸው ጋር ነው። አጎቴ መቂ አጠገብ ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማል። እኔም ክረምት በመጣ ቁጥር እዚያ ነበርኩ። እዚያ ያየሁት ወጪ በእሳቸው ሒሳብ ውስጥ የለም።

መጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ዛሬ በዓለም ላይ ካለው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በፋብሪካ በተሠራ ናይትሮጅን እርዳታ እንደሆነ ይገመታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኛም ገበሬ ጥቅሙን ያውቀዋል። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ሲጠፋ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። ዘር ሊዘራ ደርሶ እጁ ባዶ ለሆነ ሰው «ማዳበሪያ ክፉ ነው» ብዬ አልሰብክም።

ነገር ግን ጸሐፊው ከዚህ እውነት ተነስተው በጣም ሩቅ ይዘላሉ። ማዳበሪያ ምርት ጨምሯል፣ ስለዚህ የተጓዝንበት መንገድ ትክክል ነው ይላሉ። መንገዱን እስቲ እናስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሚባለው የእርሻ ፕሮግራም ኢትዮጵያ ሲገባ የስንዴው ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ከጀርባው ነበሩ። የሠርቶ ማሳያ ማሳዎቹ ምርት አስደናቂ ነበር። በነዚያ ዓመታት በአገሪቱ የተለመደው ምክር ግን ባጭሩ የሚነገር ቀመር ነበር፦ ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። አፈሩ ጥቁር ይሁን ቀይ፣ አገሩ ደጋ ይሁን ወይና ደጋ፣ ያው ነው። አፈራችን ምን እንደጎደለው ለማወቅ አገር አቀፍ የአፈር ካርታ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ወደ ሃያ ዓመት ያህል በሽተኛውን ሳንመረምር አንድ ዓይነት ክኒን ስንሰጥ ኖረናል።

ውጤቱን ጎጃምና ወለጋ ሄዶ ማየት ይቻላል። ከምናርሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ነው። ሁሉንም በማዳበሪያ አላሳብብም። ከባድ ዝናብ ካልሲየሙን ያጥባል፣ ገለባውና ኩበቱም ከማሳው ወጥቶ አይመለስም። ዩሪያና ዳፕ ግን በዚህ ላይ ይጨምሩበታል። ውስጣቸው ያለው ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይለቃል። አሲዱ ሲበዛ አፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና የተክሉን ሥር ያጫጫል። ፎስፈረሱ ደግሞ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ገበሬው ተበድሮ የገዛውን ማዳበሪያ አፈሩ ይቆልፍበታል ማለት ነው። በዓመቱ ምርቱ ይቀንሳል። እሱም «ማዳበሪያ አነሰው» ብሎ ይጨምርበታል።

ይህን ለማስተካከል ኖራ ያስፈልጋል። ኖራ ደግሞ በኪሎ የሚበተን ነገር አይደለም፤ ለአንድ ሄክታር በኩንታሎች፣ አንዳንዴም በብዙ ቶን ነው የሚፈልገው። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬዎች እህል አልሰጥ ባላቸው ማሳ ላይ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክለው ከሰል ወደ ማክሰል ዞረዋል። ከሰሉ ገቢ አምጥቶላቸዋል፣ ደስ ይለኛል። ግን ያ መሬት ድሮ እህል ይበቅልበት ነበር። በጸሐፊው የሄክታር ትርፍ ውስጥ የኖራው ዋጋ የት አለ?

ተክሉ ያልወሰደው ናይትሮጅንስ የት ይሄዳል? በዓለም ደረጃ ማሳ ላይ ከሚበተነው ናይትሮጅን ግማሹ እንኳ ሰብል ውስጥ አይገባም። ቀሪው ወደ አየር ይተናል፣ ወደ ጉድጓድ ውኃ ይሰርጋል፣ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ሰው በባዶ እጁ እየነቀለ ሲያወጣ እንደዋለ ሁላችንም አይተናል። እምቦጭን የሚያፋፋው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ከከተማ ፍሳሽም ይመጣል፣ ከተሸረሸረ አፈርም ይመጣል፣ ከማሳም ይመጣል።

ሁለተኛው ነጥባቸው «የምንጠቀመው ጥቂት ነው» የሚል ነው። በአገር አማካይ ካየነው ልክ ናቸው። አማካይ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል። መንዝ ላይ ገብስ የሚዘራ ገበሬና ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ፣ ዝዋይ ያለው ከሒሳቡ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ጠላት ወደ አገራችን ገባ። ትሉ ቅጠሉን ከውስጥ ስለሚበላ ርጭት በቀላሉ አይደርስበትም። በተደጋጋሚ ሲረጭም ቶሎ ይላመዳል። ደካማው ይሞታል፣ የተረፈው ይራባል፣ በሚቀጥለው ትውልድ ያው መድኃኒት አይነካውም። ገበሬው መጠን ይጨምራል፣ ሁለት ዓይነት ይቀላቅላል፣ በየሳምንቱ የነበረውን በየሦስት ቀኑ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አማካይ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ በሆነ ሐይቅ ዳር ነው። የባቱ ከተማ ሰው የሚጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ዓሣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

«ጥቂቱ» ሌላም ታሪክ አለው። ለአንበጣ መከላከያና ለመንግሥት እርሻዎች ለዓመታት ሲገባና ሲለገስ የኖረ ፀረ ተባይ ጊዜው አልፎ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበር። በርሜሎቹ ዛጉ፣ ፈሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 1,500 ቶን የሚሆነው በልዩ መያዣ ታሽጎ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጠለ። እዚህ የሚያቃጥልበት ምድጃ ስላልነበረን ነው። ያም ሆኖ ከክምችቱ የተነሳው በከፊል ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ የጥቂት ተጠቃሚ አገር ዕዳ ነው።

የቡናውንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች። ያኔ ጃፓን ከትልልቅ ደንበኞቻችን አንዷ ነበረች። ግዢው ወዲያው አሽቆለቆለ። በኋላ ሲጣራ ጣት የተቀሰረው ወደ ጆንያው ነበር። ቡናው በዛፍ ላይ አልተረጨም፤ የተጫነበት ጆንያ ነው ተበክሎ የተገኘው። ጠብታ ምን ያህል እንደምታስከፍል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ያኔ ግን ቡናውን የመረመሩልን ጃፓኖች ናቸው። እኛ ከጉሊት ቲማቲም ስንገዛ ሻጯ ኪሎውን ትመዝንልናለች፤ ቅሪቱን የሚለካልን የለም።

ስለ ፀረ አረምም አንድ ነገር ልበል። ጤፍና ስንዴ ላይ በብዛት የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል፣ ሣር መሰሉን እህል ይተዋል። ለገበሬው ትልቅ እፎይታ ነው። አረም ነቀላ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ ሸክሙ በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ነው። ግን ቅጠለ ሰፊ ማለት አደይ አበባም ነው፣ መች የሚባለው አበባም ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ንቧ ማር የምትሠራው ከነዚህ ነው። ንብ የሚያነቡ ሰዎች «ቀፎው ባዶ ቀረ» ሲሉ ከልባቸው ልንሰማቸው ይገባል።

አሁን በጣም ወደሚያመኝ ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው «መመሪያውን ቢከተሉ ምንም አይሆኑም» ይላሉ።

አንድ ጠዋት አጎቴ ማሳ ላይ ያየሁትን ልንገራቸው። የሚረጨው ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። በቀን ሥራ የመጣ ነው። ባዶ እግሩን ነበር፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። መድኃኒቱ የመጣው በሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ባለሱቁ ከትልቁ ዕቃ ቀንሶ ነው የሸጠው፤ ሙሉውን ለመግዛት ገንዘብ አልበቃም። ጠርሙሱ ላይ ስም የለም፣ መጠን የለም፣ የራስ ቅል ሥዕል የለም። ልጁ በጠርሙሱ ክዳን ለካ። ሁለት ክዳን አደረገ፣ ትንሽ አሰበና ሦስተኛ ጨመረ። «ቱታው አልሞት ብሏል» አለኝ። ባልዲ ውስጥ በእንጨት አማሰለው፣ ክንዱ ላይ ተረጨ። መርጫውን በጀርባው አዘለ፤ ክዳኑ ያፈሳል፣ ሸሚዙ ከጀርባው ረጠበ። ትንሽ እንደሄደ የመርጫው አፍ ተደፈነ። ነቀለውና በአፉ እፍ አለበት። ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገና ቀጠለ።

ማታ ራሱን አመመው። ላብ በላብ ሆነ፣ ምራቁ በዛ፣ ምግብ አልፈልግም አለ። አክስቴ «ምች ነው» አለች። ዳማከሴ ቆርጣ አሸችና በጨርቅ ጨምቃ ሰጠችው። ወተትም አጠጣችው፤ «ለመርዝ ጥሩ ነው» ይባላል። በነጋታው ተሻለው። ምን እንደረጨ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠርሙሱ ላይ ምንም አልተጻፈም።

አክስቴን አልወቅስም። ያየችውን በምታውቀው ቋንቋ ነው የሰየመችው። ግን ምልክቶቹ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባሉት ፀረ ተባዮች መመረዝ ጋር አንድ ናቸው። ማላታይን የዚህ ወገን ነው። አሠራራቸው እንዲህ ነው። ከነርቭ ወደ ጡንቻና ወደ ዕጢ መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር አለ። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ የሚያጠፋው ኢንዛይም ደግሞ አለ። መርዙ ይህን ኢንዛይም ያስረዋል። መልእክቱ አይጠፋም፤ ጡንቻው ሲንቀጠቀጥ፣ ዕጢው ሲያፈስ ይውላል። ላብ፣ እንባ፣ ምራቅ፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ ይከተላል፤ ሲከፋ ትንፋሽ ይቆማል። ትሉም የሚሞተው በዚሁ መንገድ ነው። የትሉና የሰው ነርቭ በዚህ ነገር አንድ ነው። ጤና ተቋም በጊዜ ከተደረሰ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ። ወተት ግን አያድንም። «ምች ነው» ተብሎ የተኛን ልጅ ደግሞ ማንም ጤና ጣቢያ አይወስደውም፣ ስለዚህ መዝገብ ላይ አይገባም። ጸሐፊው «ጉዳቱ ያን ያህል አይታይም» ሲሉ የማይታይበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

«መመሪያ ይከተል» ማለት ቀላል ነው። መመሪያው የተጻፈው በማሸጊያው ላይ ነው፤ ልጁ ማሸጊያውን አላየም። ቢያየውም ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። የጎማ ቦት፣ ጓንት፣ ጭምብል፣ ሙሉ የሥራ ልብስ ይልበስ ይባላል። በስምጥ ሸለቆ የቀትር ፀሐይ እንዲህ ለብሶ መርጫ አዝሎ የሚውል ሰው አላየሁም። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያወጡት የፀረ ተባይ አያያዝ ደንብ ራሱ ይለዋል፦ የማይመች፣ ውድ ወይም በቀላሉ የማይገኝ መከላከያ ልብስ የሚጠይቁ ፀረ ተባዮች፣ በተለይ በሞቃት አገር ለሚኖር አነስተኛ ገበሬ፣ ሊወገዱ ይገባል። እኛም በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674ን አውጥተናል። አዋጁ የሃይላንዷን ጠርሙስ ካላስቆመ፣ ጥፋተኛው ክዳን የቆጠረው ልጅ ሊሆን አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ገበሬያችን ይህን ነገር «መድኃኒት» ነው የሚለው። «መድኃኒት ረጨሁ» ይላል። ስሙን ያስተማርነው እኛ ነን። መድኃኒት ተብሎ የተሰጠውን ዕቃ ልጆች የሚደርሱበት ቦታ ቢያስቀምጠው፣ ባዶውን ጀሪካን አጥቦ ውኃ ቢቀዳበት ምን ይገርማል?

ወደ ስሪላንካ እንሂድ። የጸሐፊው ትልቁ ክርክር ይህ ነው። ያሉት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ ኬሚካል ማዳበሪያና ፀረ ተባይ እንዳይገባ በድንገት ከለከሉ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሩዝ ምርት ወደ 20 በመቶ ወረደ። ራሷን በሩዝ ችላ የነበረች አገር ወደ 450 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ ሩዝ ገዛች። ኅዳር ላይ ክልከላው ተነሳ። ከዚህ የምማረው አለ። ኮምፖስት ሳይዘጋጅ፣ ገበሬው ሳይሰለጥን፣ በአንድ ቀን ትእዛዝ እርሻ አይለወጥም። ይህን እኔም አልደግፍም።

ግን ስሪላንካ ሌላ ታሪክም አላት፤ ጸሐፊው አላነሱትም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ስሪላንካ በዓለም ላይ ራስን በማጥፋት ከፍተኛ ሞት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1995 ከ100,000 ሰው ወደ 57 የሚሆን ይሞት ነበር። ብዙዎቹ የሞቱት እቤታቸው ባለ ፀረ ተባይ ነው። መንግሥት ምን አደረገ? ሁሉንም ኬሚካል በአንድ ቀን አልከለከለም። በጣም አደገኞቹን ለይቶ፣ በደረጃ፣ በዓመታት ውስጥ ከገበያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቁጥሩ ወደ 17 ወረደ። በነዚያ ሃያ ዓመታት 93,000 ያህል ሕይወት እንደተረፈ ተገምቷል። ተመራማሪዎች የሰብሉን ምርት ሲያዩም በእገዳው የተነሳ የወደቀ ነገር አላገኙም። ገበሬው ብዙም የማይገድሉትን ተክቶ ተጠቀመ፤ ሩዙም በቀለ።

በአንድ አገር ሁለት ውሳኔ አለ። በድንገት የተወሰደው ከሸፈ፣ በጥንቃቄ የተወሰደው ነፍስ አዳነ። ጸሐፊው የከሸፈውን ብቻ አሳይተውን «ኬሚካልን አትንኩ» ይሉናል። እኔ ግን ሁለተኛውን መንገድ ነው የምለምነው። የአውሮፓ ኅብረት ፓራኳት የሚባለውን ፀረ አረም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በገዛ ማሳው ላይ ከልክሏል። ከዚያ በኋላም እንግሊዝ ውስጥ እየተመረተ ወደ ሌላ አገር ሲላክ ቆይቷል። ለእነሱ ገበሬ አደገኛ የሆነ ነገር ለእኛ ገበሬ ደኅና የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ስለ አበባው ብዙ አልልም። ዶላር ያስገባል፣ ብዙ ሴቶችም ሥራ አግኝተውበታል። ይህን አልንቅም። ግን ከርጭት በኋላ ሰዓቱ ሳይሞላ ወደ ግሪንሃውስ መግባት የሠራተኛዋ ጤና ጉዳይ ነው፣ ከሐይቅ የሚሳበው ውኃም የሁላችን ጉዳይ ነው። ገቢው ሲቆጠር እነዚህም አብረው ይቆጠሩ።

«አማራጭ ያለው ያሳየን» ላሉት ደግሞ፣ አለ። እዚሁ ቅርብ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና የአካባቢ ጥበቃ ተመራማሪው ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር የኮምፖስት ሥራ ጀመሩ። ከማሳ ላይ በተለካው ምርት ኮምፖስት የገባበት ማሳ ኬሚካል ማዳበሪያ ከገባበት ጋር ተስተካከለ፤ በብዙ ቦታም በለጠ። ሥራው ከእርከንና ከውኃ ማቆር ጋር አብሮ ነው የሄደው። ቀላል ነው አልልም። ኮምፖስት ጉልበት ይበላል። ኩበቱን ደግሞ ማገዶ አድርገን የምናነድ ሕዝብ ነን፤ ማገዶ ሳይተካ «ፍግህን ማሳ ላይ አድርግ» ማለት ባዶ ምክር ነው።

በቆሎ ላይ ደግሞ መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ያሰራጨው ዘዴ አለ። በበቆሎው መሃል ዴስሞዲየም የሚባል የእንስሳት መኖ ይዘራል። ሽታው አገዳ ቆርቁርን ያባርራል። ዙሪያውን የሚተከለው ሣር ደግሞ ተባዩን ወደ ራሱ ይስባል። የዴስሞዲየም ሥር አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም ያዳክማል፣ ናይትሮጅንም ለአፈሩ ይሰጣል። በ2009 ዓ.ም. የገባብንን መጤ ተምችም እንደሚቀንስ ታይቷል። ሣሩ ለላም ነው። አርባ ምንጭ አካባቢም ጥጥ አምራቾች ጠቃሚ ነፍሳትን የሚስብ ከበቆሎ የሚዘጋጅ ርጭት ተጠቅመው የፀረ ተባይ ወጪያቸውን ቀንሰዋል። ማዳበሪያም ቢሆን ይቅር አልልም። አፈሩ ተመርምሮ፣ ኖራ ቀድሞት፣ ከኮምፖስት ጋር በልኩ ይግባ።

አጎቴ ከዚያ ማታ በኋላ ሁለት ነገር ቀየረ። በሃይላንድ የመጣ ነገር ማሳው አይገባም። ቲማቲሙ መሃል ደግሞ የቱታውን ወንዱን በሴቷ ሽታ የሚያጠምድ ወጥመድ ሰቀለ። ጠዋት ጠዋት ሄዶ የገባውን ይቆጥራል፣ በደብተር ይጽፋል። ቁጥሩ ሲበዛ ብቻ ይረጫል። ዘንድሮ የረጨው ካምናው በግማሽ ያንሳል፤ ቲማቲሙን ግን እንደ አምናው ጭኗል። ጸሐፊው መቂ ብቅ ካሉ ደብተሩን ያሳያቸዋል፣ አክስቴም ቡና ታፈላለች።